የወንድሜ ፎቶ በሌላ ሰው ስም

ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። አዋሽ ባቡር ጣቢያ፣ ባቡሩ መምጣት ካቆመ በኋላ መንገደኛ የማይቀመጥበት የብረት አግዳሚ ላይ፣ ወንድሜ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ የለም። ፀሐይ ፊቱ ላይ ስላረፈች አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ነው የሚስቀው። «ቶሎ በይ እንጂ፣ ብረቱ እየጠበሰኝ ነው» እያለ ያጣድፈኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሲያጣድፉኝ እልኸኛ ነኝ፤ ሆን ብዬ አዘገየሁት። ሳቁ ከዚያ የመጣ ነው።

ይህንኑ ፎቶ ከዓመታት በኋላ ሰመራ ውስጥ፣ አብራኝ በምትኖረው ጓደኛዬ ስልክ ላይ አየሁት። ከሥሩ የማላውቀው ስም ተጽፏል። ዕድሜው ከወንድሜ በብዙ ያንሳል። ሥራው መሐንዲስ ነው፣ የሚኖረው ካናዳ ነው፣ የሚፈልገውም ፈጣሪዋን የምትፈራና ቀልድ የምታውቅ ሴት ነው። ከፎቶው ጎን ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች። ሰውየው አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ገጹ ላይ አለ ማለት ነው።

ወንድሜ ከቤት ከወጣ ወዲህ ድምፁን የሰማነው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። የሰፈራችን ወጣት ሁሉ በዲቾቶ አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ወደ ዓረብ አገር በሚጎርፍበት ጊዜ እሱም ሄደ። ከባሕሩ ዳር ሆኖ በሰው ስልክ ደወለልኝ። «ጀልባ እየጠበቅን ነው፣ ለእማዬ ደህና ነው በያት» አለኝ። ከጀርባው ነፋስ ይሰማ ነበር። መስመሩ ተቋረጠ፣ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ሞተ ያለን የለም፤ አለ ያለንም የለም።

እንዲህ ያለ ነገር የገባበት ቤት ያውቀዋል። መርዶ ካልመጣ ማልቀስ አይቻልም። እናቴ ጥቁር አልለበሰችም፣ ከዚያ ወዲህ ግን ነጭም ለብሳ አላየኋትም። ሠርግ ቤት ትሄድና እህል ሳትቀምስ ትመለሳለች፤ ለቅሶ ቤት ትሄድና ገና ሰው ሳይሰበሰብ ትነሳለች። «ልጅሽስ?» ያላት ሁሉ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «መንገድ ላይ ነው» ትላለች። እኔ ይህችን ቃል ስትናገር መስማት ስለማልችል ሰመራ ሥራ ሳገኝ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፤ የሰው ፋይል አወጣለሁ፣ የሰው ፋይል እመልሳለሁ።

ወንድሜ ከሄደ ዓመት ሲሞላው አፋልጉኝ አውጥተን ነበር። ያንን ፎቶ አደረግንበት፤ ከላይ በቀይ ትልልቅ ፊደል «አፋልጉኝ» አልን፤ ከሥር ስልካችንን ጻፍን። ወረቀቱን ከአዋሽ አርባ ጀምሮ በየኬላውና በየሻይ ቤቱ ለጠፍነው፤ በስልክም ሰው ለሰው እየተቀባበለው አገር አዳረሰ። ጽሑፉን እናቴ እየነገረችኝ እኔ ነበርኩ የጻፍኩት። ሙሉ ስሙን፣ የእናቱን ስም፣ ቤት ውስጥ የምንጠራበትን ስም፣ ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ፣ ሟች አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ እንደነበር፣ ሁሉንም ጻፍን። «እናቱን ሳይሰናበት ከቤት የወጣ» የሚልም አለበት። እሱን ስጽፍ እናቴ ዝም ብላ ታየኝ ነበር።

አባታችን በሕይወት ሳለ በጣቢያው የመንገደኛ ዕቃ ማቆያ ክፍል ነበር የሚሠራው። ሰው ጥሎት የወረደውን ሻንጣ ከፍቶ ያይና ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ቡናማ ሻንጣ፣ መያዣው የተሰፋ፣ ውስጡ የሴት ልብስና ጫማ ያለበት ይላል። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ሳይጽፍ ያስቀራል። የኔ ነው ብሎ የመጣ ሰው ያንን የቀረውን ነገር ራሱ መናገር አለበት። ካልተናገረ ቢምል ቢገዘትም ሻንጣው ከመደርደሪያው አይወርድም። እናቴ አፋልጉኙን አስጽፋኝ ስትጨርስ «እኔም አንድ ነገር አስቀርቻለሁ» አለችኝ። ምንድን ነው ብላት «ካወቅሽው ትጽፊዋለሽ» አለች። እውነቷን ነበር፤ ተስፋ ያደረገ ሰው ምንም አያስቀርም።

ሰመራ ከገባሁ በኋላ ነገሩን ለቢሮአችን ጥበቃ ነገርኩት። ሽማግሌ አፋር ነው። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ዳጉ ይሉታል፤ በዳጉ ውሸት ማቀበል ትልቅ ነውር ነው። ሰውየው የወንድሜን ነገር ወደ መንገዱ ላከልኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ጠዋት ጠራኝና ወሬው ተመልሷል አለኝ። ሰርዶ ላይ ከጭነት መኪና ወርዶ ውሃ ጠይቋል። ዲቾቶ ላይ ሻይ ጠጥቷል። ድንበሩን ከሌሎች ጋር በእግሩ አልፏል።

«ከዚያ ወዲያስ?» አልኩት።

«ከዚያ ወዲያ ያየው ሰው የለም። ያላየነውን አንጨምርም» አለኝ።

ታዲያ ያ እዚያ የቀረ ሰው ነው በጓደኛዬ ስልክ ላይ መሐንዲስ ሆኖ የሚስቀው።

ጓደኛዬ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ እዚያው ቢሮ ሂሳብ ክፍል ትሠራለች። ባል ፍለጋን እንደ ሁለተኛ ሥራ ነው የያዘችው፤ ከመጀመሪያው ሥራዋ ይልቅም የምትተጋበት እሱን ነው። ሰመራ ደግሞ ለዚህ አይመችም። ላጤው ሁሉ ዝውውር ጠያቂ ነው፤ ለበረሃ አበሉ ሲል ይመጣል፣ ሳይለመድ ይሄዳል። ስለዚህ ሐበሻ ከሐበሻ ያገናኛል በሚባል የፍቅር ጓደኛ ማፈላለጊያ ገጽ ላይ ተመዝግባ ነበር። የዚያን ዕለት ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ወደ ቤት ተመልሰናል። ሰመራ ላይ መብራት ሲጠፋ ኤሲው ይቆማል፤ ኤሲው ሲቆም መንግሥትም ይቆማል። ወለሉ ላይ ውሃ ረጭተን ተጋድመን ሳለ ስልኳን ሰጠችኝና «እስቲ አንዱን ምረጪልኝ፣ የኔ ዓይን የሚመርጠው ሌባ ብቻ ነው» አለችኝ። በጣቴ እየገፋሁ አንዱን ራሰ በራ አልፌ፣ አንዱን ወታደር አልፌ ወንድሜ ጋ ደረስኩ።

«ይሄ ወንድሜ ነው» አልኳት።

ታሪኩን ታውቀዋለች። ቀና ብላ ተቀመጠች። «ወላሂ በይ» አለች።

መልእክት ለመላክ ገጹ የወርቅ አባል ሁኑ ይላል። ለጥቂት ቀን መሞከሪያ ነው፣ ዋጋውም የአንድ ስኒ ቡና ነው ይላል። ችግሩ የሚከፈለው በውጭ አገር ካርድ ነው። ሎግያ ስልክ የሚሸጥ ነጋዴ እናውቅ ነበር፤ የአጎቱ ልጅ ጅቡቲ ሆኖ እንዲህ ያለውን ለሰው እየከፈለ ኮሚሽን ይወስዳል። በማግስቱ ሄደን ከፈልን። ጓደኛዬ ቀድሞ የተቃጠለች ናትና «ማን እንደሆንሽ እንዳትነግሪው። ዝም ብለሽ አስለፍልፊው፣ ራሱ ይናገር» አለችኝ። በስልኬ፣ በራሴ ስም ያለ ፎቶ ተመዝግቤ፣ ሰላም አልኩት። ወዲያው መለሰ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሰላም ቆንጆ፣ እንዴት አመሸሽ» አለኝ። ቆንጆ የሚለኝ በወንድሜ ፊት ነው። ገና ፀሐይ አልጠለቀችም፣ እሱ እንዴት አመሸሽ ይላል።

መታገሥ አልቻልኩም። «እህትህ ነኝ። አንተ ነህ?» ብዬ ጻፍኩ፤ ቤት ውስጥ የምንጠራበትን ስምም ጨመርኩ።

አረንጓዴዋ ነጥብ ጠፋች። ያን ቀን ሙሉ አልተመለሰችም። በማግስቱ ከምሳ በኋላ መዝገብ ቤት ከመደርደሪያዎቹ መሐል ቆሜ ስልኬ ነዘረ። አሁን በአማርኛ ፊደል ነው። «አዎ እህቴ፣ እኔ ነኝ። ስሜን የቀየርኩት በወረቀት ጉዳይ ነው። እማዬ እንዴት ናት? ቅንድቤ ላይ ያለውን ጠባሳ ባየሁ ቁጥር ቤታችን ትዝ ይለኛል።» እናታችንን በስሟ ጠርቷታል። አባታችንን አንስቶ ነፍሱን ይማር ብሏል። እዚያው የሰው ፋይል ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ አለቃዬ መጥቶ ሰው ሞተብሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። «አይ፣ ተነሳልኝ» አልኩት።

እናቴ ጋ ደወልኩ።  «ያለውን አንብቢልኝ» አለች። አነበብኩላት። ደግማ አስነበበችኝ።

«ድምፁንስ ሰማሽው?»

«የስልኩ ማይክ ተበላሽቷል። ካሜራውም አይሠራም አለ።»

«እሺ።»

«እማ፣ ያስቀረሽውን ነገር ልጠይቀው?»

«ቆይ» አለች። ለምን እንደምንቆይ አልገባኝም፤ ግን ከእናቴ ጋር በዚህ ነገር ተከራክሬ አላውቅም።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። በየቀኑ እጽፍለታለሁ፣ ይመልሳል፣ ለእናቴ በስልክ አነብላታለሁ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደወለችልኝና «ከኔ ነው ብለሽ ይህን ጻፊለት፤ ሳትሰናበተኝ በመሄድህ ይቅር ብዬሃለሁ በይው» አለችኝ። ጻፍኩት። ብዙም አልቆየ። «ይቅርታ እማዬ። ዓይንሽን እያየሁ መሄድ አልችልም ነበር፤ ለዚህ ነው ተደብቄ የወጣሁት። አንድ ቀን እግርሽ ላይ ወድቄ እክስሻለሁ» አለ። ስልኩን በአንድ እጄ ይዤ እያለቀስኩም እየሳቅኩም አነበብኩላት። ከወዲያ በኩል የምድጃው ድምፅ፣ የጎረቤት ዶሮ፣ ሁሉም ይሰማኛል፤ የእሷ ድምፅ ብቻ የለም። በመጨረሻ «እሺ ልጄ። ምሳሽን ብዪ» አለችና ዘጋችው። ደስታው ከብዷት ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት ብዬ እንደምናገረው አላውቅም። ቤታችን ውስጥ ሦስተኛ ሰው ገባ። ስነሳ ነጥቧን አያለሁ፤ ስትበራ ሻይ እጠጣለሁ፣ ካልበራች አልጠጣም። ጥያቄዎቹ ይደጋገማሉ። እማዬ እንዴት ናት፣ አባዬን አስባችሁልኛል ወይ፣ ጣቢያው እንዴት ነው። አዲሱ ባቡር በሌላ በኩል እንደሚያልፍ ስነግረው ደስ አለው፤ ከሳምንት በኋላ ጣቢያው እንዴት ነው ብሎ እንደገና ጠየቀ። አንዳንዴ ይረሳና «ቆንጆ» ይለኛል። ያን ጊዜ ስልኩን ገልብጬ አስቀምጠውና ግድግዳውን ሳይ እውላለሁ። ፈርቼው ነበር። ወንድሜን ነው የፈራሁት፣ እንዲህ እያለ የሚናገረውን፣ ስልኩ ውስጥ ተቀምጦ የሚስቀውን።

ጓደኛዬ ያመነችው ገንዘብ ስላልጠየቀ ነበር። «አጭበርባሪ ቢሆን እስከ ዛሬ ታሞ ነበር፣ ወይ ጉምሩክ ይዞት ነበር» ትላለች። «ደግሞ ከገጹ ውጪ እናውራ ይሉሻል እነሱ። ይሄ አንድ ቀን ውጪ አላለሽም።» በዚያ ሰሞን የሎግያው ነጋዴ ቢሮ ድረስ መጣ። ላቡን እየጠረገ፣ የአጎቱ ልጅ ካርድ ላይ በየወሩ ገንዘብ እየተቆረጠ መሆኑን ነገረን። የቡና ዋጋ ያሉት የመጀመሪያው ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ማንንም ሳይጠይቁ ወርቅ ያስከፍላሉ። እስካሁን የተቆረጠውን ከፈልኩት፤ የሚቀጥለው የመክፈያ ቀን ሳይደርስ እንድሰርዘው አስጠንቅቆኝ ሄደ።

የመሰረዣውን ቦታ ለማግኘት ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀን። ቅንብሮች ውስጥ የለም፤ እርዳታ የሚለው ውስጥ የለም፤ በመጨረሻ በደቃቅ ግራጫ ፊደል ከገጹ ግርጌ አገኘነው። ነካሁት። እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ፤ አዎ አልኩ። ለምን እንደሆነ ንገሪን አለኝ፤ ነገርኩት። ከዚያ የወንድሜ ፎቶ ስክሪኑን ሞልቶ መጣ። ከሥሩ «ጥለሽው ልትሄጂ ነው? ይናፍቅሻል» ይላል። ሁለት ሳጥን አለ፤ «አብሬው እቆያለሁ» የሚለው ትልቅና አረንጓዴ ነው፣ «ልተወው» የሚለው በጭንቅ ይነበባል። ሁለቱንም ደጋግሜ አነበብኩ፣ አንዱንም አልነካሁም።

ጓደኛዬ ግን ፎቶውን እያየች ነበር። እንዲህ ተልቆ አይተነው አናውቅም። «እዚህ ጸጉሩ ላይ ያለው ቀይ ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ። አቀረብኩት። ከፎቶው ጫፍ፣ ከጸጉሩ በላይ፣ አንድ ቀጭን ቀይ መስመር ወደ ውስጥ ገብታለች። የአንድ ፊደል እግር ናት። እኔ ራሴ የመረጥኩት ቀይ፣ እኔ ራሴ የመረጥኩት ፊደል። ከሥር ደግሞ ፎቶው የተቆረጠው ስልካችን በተጻፈበት ልክ ነው። ይህን ፎቶ ወንድሜ ከየት ያመጣዋል? ስልኬ ውስጥ ያለው ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቀይ ያለበት አፋልጉኙ ብቻ ነው።

እዚያው ተቀምጠን የጻፈልኝን ሁሉ ከአፋልጉኙ ጋር አስተያየነው። ጠባሳው አለ። የአባቴ ሥራ አለ። የቤት ስሙ አለ። ከዚያ ወረቀት ውጪ አንዲት ቃል የለም። ጓደኛዬ የራሷን ስልክ አንስታ በሌላ ዕድሜና በሌላ ከተማ እንደ አዲስ ተመዘገበች። ሻይ ሳናፈላ አንድ መልእክት መጣላት፤ «ሰላም ቆንጆ፣ እንዴት አመሸሽ።» ወንድሜ ነው። አሁን ዱባይ ነው፣ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ነው፣ ፎቶው ተገልብጦ የሸሚዙ ኪስ በወዲያኛው በኩል ሆኗል። በእኔ ስልክ ላይም ነጥቧ እንደበራች ናት። አንዱ ካናዳ፣ አንዱ ዱባይ፣ ሁለቱም አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ይስቃሉ።

«ለዚህ ነው ከገጹ ውጪ የማይወጣው» አለች ጓደኛዬ ቀስ ብላ። «ገንዘብ የማይጠይቅሽ ገጹ ራሱ ስለሚጠይቅለት ነው። የነሱ ሠራተኛ ነው። መክፈያው ሲደርስ ነው የሚናፍቀው፤ እይው እስቲ ቀኑን።»

አየሁት። ልክ ነበረች። ናፈቅሽኝ ያለኝ ቀን ሁሉ የመክፈያው ሰሞን ነው።

ተናድጄ የማይጻፍ ነገር ጻፍኩለት። ጓደኛዬ ራሷ «አስተግፊሩላህ» ብላ ስልኩን ልትቀማኝ ነበር። እሱ ግን «ምን ሆንሽ እህቴ? ሥራ በዛብሽ?» አለኝ። ይህን ያለኝ ሰው የት እንደተቀመጠ፣ ስንት ሰው እየሆነ እንደሚውል አላውቅም። ምናልባት እሱም ደመወዙ የሚዘገይበት ምስኪን ነው። አሁንም ድረስ፣ ይህን ስጽፍ፣ ወንድሜ የሆነ ቦታ ለሆነች ሴት ቆንጆ እያላት ይሆናል። ገጹን ፎቶውን አንሱልኝ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን ብለው መለሱልኝ።

ግን አልሰረዝኩትም። ብሰርዘው ለእናቴ ምን ብዬ አነብላታለሁ? በየእሑዱ ስልኳን ይዛ ትጠብቀኛለች። ይህ አንደኛው ምክንያት ነው። ሁለተኛው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ውሸት መሆኑን እያወቅኩም ይናፍቀኝ ነበር። መክፈያው ሊደርስ ሲል ፈቃድ ጠየቅኩ፣ እንደምመጣ ለእናቴ ደወልኩና አዋሽ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ፣ ከሚሌ ገዋኔ፣ በተቃራኒው የሚመጡትን የጭነት መኪናዎች እያየሁ ለእናቴ የምለውን አሰናዳሁ። አውቶቡሱ አዋሽ ሲገባ አንድም ቃል አልቀረኝም።

ቤታችን ያው የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ውስጥ ነው። ግቢው ተጠርጓል፤ ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል። አጥሩ ሥር የእድር አግዳሚዎች ተደርድረው አየሁ። ልጄ ሊመጣ ነው ብላ ደግሳ እንደሆነ ገመትኩ። እናቴ ሳመችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«እማ፣ የመጣሁት አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«እሱ እንዳልሆነ» አለች።

ማን ነገረሽ አልኳት። ራሱ ነው የነገረኝ አለች። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እኔን ሳይሆን በሩን እያየች ነገረችኝ።

«ወንድምሽ ተሰናብቶኛል። ገና ጎህ ሳይቀድ ቀሰቀሰኝና ልሄድ ነው አለኝ። ሸሚዙን ማታውኑ አጥቤለት ነበር። ቁልፉን ልትከልልህ ብለው መኪናው ያመልጠኛል አለ። እስከ ኬላው ሸኘሁት። እዚያ ሁለቱንም ጉንጬን ሳመኝ። ልሂድ ሲለኝ ሂድ አልኩት፤ ሌላ ምን እለዋለሁ፣ ሥራ አጥቶ ግድግዳ ሲደገፍ እያየሁት? ሰው ሁሉ ሳይነግራት ሄደ ሲል ግን አፌ አልከፈት አለ። አንቺም ጻፍሽው። ያስቀረሁት እሱን ነው።»

ሳትሰናበተኝ በመሄድህ ይቅር ብዬሃለሁ። በገዛ እጄ የጻፍኩት ትዝ አለኝ። ጥያቄው እሱ ነበር። ወንድሜ ቢሆን ኖሮ «እማ፣ ኬላው ድረስ ሸኝተሽኝ የለም እንዴ?» ነበር የሚለው። እሱ ግን ይቅርታ ጠየቃት።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ስታነቢልኝ ድምፅሽን ሰማሁ። ልጅ ሳለሽ እንዲህ ነበር የምትስቂው። እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?» አለች። «ሂድ ብዬ አንድ ጊዜ ልኬዋለሁ። ሁለተኛ በኔ አፍ እንዲሄድ አልፈለግኩም።»

 ከዚያ እኔው መዝገብ ቤት ያስለመደኝን፣ ያልተገኘ ፋይል ጠፋ አይባልም የሚለውን ክርክር ጀመርኩ። ይሄ ውሸታም ሆነ ማለት እሱ የለም ማለት አይደለም አልኳት። ስልክ የሌለበት ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ታስሮ ሊሆን ይችላል፤ ያላየነውን አንጨምርም አልኳት፣ የሽማግሌውን ቃል ተውሼ። እናቴ ቁጣ አላሳየችም። እንዲያውም የፊቴን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ።

«የማያውቀን ሌባ እንኳ ባሕር ማዶ ሆኖ ማስታወቂያችንን አገኘው» አለች። «ልጄ ቢኖር ያጣዋል?»

 

«በይ መርዶዬን ንገሪኝ» አለች ቀጥላ፤ አፌን ስከፍት ግን እጇን አነሳች። «አሁን አይደለም። እንዲህ ፊት ለፊት ተቀምጠን አይሆንም። በሥርዓቱ ይሁን። ዛሬ ጎረቤት እደሪ። ነገ በማለዳ ሰው ይዘሽ ነዪና ንገሪኝ። ወንድምሽ እንደ ሰው ይለቀስለት።»

የእድሩ አግዳሚዎች ለምን እንደመጡ ያን ጊዜ ገባኝ። ግድግዳውንም ኖራ የቀባችው ለሚመጣው ለቀስተኛ ነው። ቦርሳዬን እንዳነገብኩ ወጥቼ የጎረቤታችን የጡረተኛው ባቡር ነጂ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ሙስሊም ናት፤ እኔንም ወንድሜንም በጀርባዋ አዝላናለች። ገና ሳልናገር ገብቷት «ኢናሊላሂ» አለች። ባሏ ሄዶ ለእድሩ ዳኛ ነገረ።

ጎህ ሲቀድ ጥቂት ሆነን በግቢያችን በር ገባን። አሮጊቷ ክንዴን ይዛኛለች፤ የእድሩ ዳኛ ከፊት ናቸው።  የቤቱ በር ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ እናቴ ወንድሜ ከሄደ ጀምሮ በሯን ቀርቅራ አታውቅም ነበር፣ በእጁ ገፋ አድርጎ እንዲገባ ብላ። ዳኛው አንኳኩና ወደኔ ዞረው አዩኝ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። ሳላወጣው አወቅኩት፤ መክፈያው ደርሷል፣ ናፍቃችሁኛል ሊል ነው።

ከውስጥ እናቴ ምንም እንደማታውቅ ሴት፣ ከእንቅልፏ እንደተነሳች ሁሉ፣ «ማን ነው በማለዳ?» አለች።

«እኛ ነን እማ» አልኩ። «ክፈቺልን።»